ለአንድ ጉልበት ድሬዳዋ ድረስ

ድሬዳዋ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም፤ አንዲት ሴት ጠርታኝ ነው። ፈቲያ ትባላለች። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት እኔ ወጌሻ በነበርኩበት የአዲስ አበባ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ክለብ ውስጥ ኳስ የምታከፋፍል ተጫዋች ነበረች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ሦስት ሰው መሃል ገብታ ኳሷን ይዛ የምትወጣ። ዛሬ በትውልድ ከተማዋ የአንድ ኮሌጅ የሴቶች ቡድን ታሠለጥናለች። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ቀበና ባለችው ቤቴ ወለምታና ውልቃት ይዞት የሚመጣውን የሰፈር ሰው እያሸሁ እኖራለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ስትደውል ድምጿን አላወቅሁትም። ስሟን ስትነግረኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሰላምታውን አላረዘመችውም። ጉልበቷ የተጎዳ አንዲት ተጫዋች አለችኝ፣ መጥተህ እይልኝ አለች። እዚያ ሐኪም የለም ወይ ብላት፣ አለ፣ ያየው ግን ኤክስሬዩን እንጂ ልጅቷን አይደለም ብላ መለሰች። ማክሰኞ የኮሌጆች የፍጻሜ ጨዋታ አለ። ኮሌጁ ልጅቷ ትሰለፍ ብሎ ፈቲያን ወጥሮ ይዟታል፤ እሷ አላሰልፍም ብላለች፤ ቃሏን የሚሰማ ግን አላገኘችም። "አንተ ብትናገር ይሻላል" አለችኝ። ለምን እኔ ብናገር እንደሚሻል አልጠየቅኋትም። ብጠይቅ የምትመልስልኝን ፈርቼ ይሆናል። እመጣለሁ አልኳት።

ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጭሮ

ጎህ ሲቀድ አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ወጣ። እስከ አዳማ ያለው መንገድ ምንጣፍ ነው፤ ሰው ሁሉ ተኛ። አዳማን እንዳለፍን ረዳቱ ከሆነ ቦታ ሦስት ዱካ አወጣና መተላለፊያው ላይ ደርድሮ ሦስት ሰው ጨመረ። ከሦስቱ አንዷ የወር ልጅ የታቀፈች እናት ነበረች። ይህ ነውር አይደለም ወይ፣ ቢያንስ እሷን ወንበር ላይ አስቀምጣት አልኩት። "አባባ፣ እርስዎ ተቀምጠዋል አይደል? ታዲያ ምን አስጨነቀዎት?" አለኝ። አውቶቡሱ ሳቀ። ተነስቼ ለእናትየዋ ወንበሬን ለቅቄ ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም፤ የተነሳም ግን የለም።

መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅ አስፋልቱ ጥግ ድረስ መጥቶ ተኝቷል። ከወዲያ ማዶ ፈንታሌ ጥቁር ድንጋዩን ዘርግቷል። አዋሽ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን፤ ፀሐዩ ከራስ ቅል ይገባል። ሚኤሶን አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ ነፋሱ ተለወጠ። ጭሮ ስንደርስ ብርድ ብርድ ይል ነበር። ምሳ ሩዝ በሥጋ በላሁ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር። ሥጋው ትንሽ፣ አጥንቱ ብዙ ነበር። አንድ ጠርሙስ ውሃ ገዝቼ ወደ ዱካዬ ተመለስኩ። እናትየዋ ልጇን አቅፋ ተኝታለች፤ አላስነሳኋትም።

ከጭሮ እስከ ድሬዳዋ

ከጭሮ በኋላ ያለው መንገድ ተራራውን ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። ሂርና ላይ ጫት ሻጮች በመስኮቱ ሥር ሮጡ። እኔ ግን ዓይኔ መንገዱ ላይ አልነበረም። ፈቲያን ሳገኛት ምን እንደምል እያሰብኩ ነበር። አንባቢ እንዲገባው ነገሩን እዚህ ላይ ልንገር።

ግማሽ ፍጻሜ ነበር። ከዕረፍት በፊት ፈቲያ ወድቃ በሁለት ሰው ተደግፋ ወጣች። መልበሻ ክፍል አስተኝቼ ጉልበቷን ትንሽ አጠፍኩና ቅልጥሟን ወደ ፊት ሳብኩት። መጣ። የላላ መሳቢያ ሲስቡት እንደሚመጣው መጣ። ጉልበት እንደዚያ አይመጣም፤ ውስጥ ያለው ጅማት ካልተበጠሰ በቀር። የቡድን መሪው አጠገቤ ቆሞ ትችላለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ወለምታ ነው አልኩ። በፋሻ ጥፍር አድርጌ አሠርኩላትና ላክኋት። ከዕረፍት መልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትዘል፣ ስታርፍ፣ ያ ጉልበት አበቃለት። እሷም አበቃላት። ክለቡ የምስጋና ደብዳቤ ሰጥቶ ወደ ድሬዳዋ ሸኛት።

እኔ በቀጣዩ ዓመትም እዚያው ነበርኩ። የቡድን መሪው አዝዞኝ ነው እያልኩ ለዓመታት ራሴን አጽናናሁ። አላዘዘኝም፤ ጠየቀኝ። የመለስኩት እኔ ነኝ። ለምን? ጨዋታው ይፈልጋት ስለነበር፣ ሁሉም ያንን መልስ ስለሚጠብቅ፣ እኔም እንጀራዬን ስለወደድኩ።

ቁልቢን አለፍን። ደንገጎ ላይ አውቶቡሱ አፍንጫውን ወደ ታች ደፋ። ቁልቁለቱን በተጠማዘዝን ቁጥር ሙቀቱ አንድ ደረጃ ይጨምራል፤ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ሹራቤን አወለቅሁ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ድሬዳዋ ገባን። ባለ ባጃጁ "ወዴት ነህ አባባ?" አለኝ። ልጄ የሚሆን ነው፤ አንተ ነው የሚለኝ። ድሬ ውስጥ ለማንም አንቱ አይባልም፣ ንቀት ግን የለበትም። ከዚራ ሰፈር አልኩት። የኒም ዛፎች ጥላ ባለበት መንገድ ወስዶ አንድ ጣሪያው ከፍ ያለ አሮጌ ሆቴል በር ላይ አወረደኝ። ሻንጣዬንም ሳልጠይቀው ደረጃው ላይ አወጣልኝ።

ፈቲያ ፀሐይ ሲበርድ መጣች። እየተራመደች ስትመጣ በመስኮት አየኋት። ቀኝ እግሯን ስታሳርፍ በጣም ትንሽ ትቆጥባለች፤ የእኔ ሥራ የሌለው ሰው አያየውም። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ፊቷ ሞላ ብሏል፤ አንገቷ ላይ ፊሽካ ተንጠልጥሏል። ተቃቀፍን። ቀፊራ ገበያ አጠገብ ሩዝ በፍየል ሥጋ የሚሸጥ ቤት ወስዳ አበላችኝ፤ ቢስባስ የሚሉት የሚያቃጥል ማባያ ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

እየበላን ከዚያ ወዲህ የሆነውን ነገረችኝ። እንደተመለሰች አንድ ዓመት ከቤት አልወጣችም። አባቷ የድሮው ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ኳስ በላት እያለ ሲያወራ አንድም ቀን አልወቀሳትም። ከዚያ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ የምታወጣና የምትመልስ ሠራተኛ አድርጎ ቀጠራት። በማታው ክፍለ ጊዜ ስፖርት ሳይንስ ተምራ ጨረሰች። ሴቶቹ ተማሪዎች ወንዶቹ ሲጫወቱ አጥር ይዘው ሲያዩ አየችና ሜዳውን ለመነች። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ያለውን ሰጧት፤ ያንን ሰዓት የሚፈልግ ስላልነበረ። በአራት ልጅና በአንድ ኳስ ጀመረች። ወላጆች እምቢ ሲሏት ቤት ለቤት ዞራ እናቶቹ አጠገብ ተቀመጠች። በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በአማርኛ ለመንኩ አለችኝ። ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ አሰፍታ አጫወተቻቸው። አንድ ጊዜ ዳኛ በዚህ ልብስ አይቻልም ሲላት፣ የማይቻልበትን ደንብ አሳየኝ ብላ ሜዳ መሃል ቆመች፤ ደንብ ስላልነበረው አጫወታቸው።

የአሠልጣኝነት ደብዳቤ የተሰጣት በስድስተኛው ዓመት ቡድኑ ዋንጫ ካመጣ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች፤ ዋንጫውን ግን ዲኑ ቢሮ ውስጥ አስቀመጡት። ፈተና የወደቀች አትጫወትም፤ ሕጓ ይኸው ነው። በእጇ ካለፉት ልጆች ነርስ አለች፣ ሒሳብ ሠራተኛ አለች፣ ኤሌክትሪክ የምትዘረጋም አለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሜዳ ላይ እግሯን ያጣች አንድም ልጅ የለም። ይህንን ስትል ወደ እኔ አላየችም።

እሑድ ጠዋት፣ ሜዳው

ፉል በትኩስ ዳቦ በልቼ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሳቢያን በኩል ያለው ኮሌጅ ደረስኩ። በሩ ላይ ትልቅ ሸራ ተሰቅሏል፤ ሸራው ላይ ኳስ ይዛ የምትዘል ልጅ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ የማክሰኞው ጨዋታና የክብር እንግዶች ተጽፈዋል። ሜዳው አስፋልት ነው፣ መሃሉ ተሰነጣጥቋል፤ አንዱ ቀለበት ጎብጧል፣ መረብ የለውም። ለሸራው ገንዘብ ተገኝቷል፤ ለመረቡ አልተገኘም። እዚያው ቆሜ ደሜ ፈላ።

የሸራዋ ልጅ ኢፍቱ ትባላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የኤሌክትሪክ ክፍል ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። ከተጎዳች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ከመንገሯ በፊት ስትዞር አየኋት፤ በአንድ በኩል ብቻ ነው የምትዞረው። አግዳሚው ላይ አስተኝቼ ግራ ጉልበቷን አጠፍኩ፣ ቅልጥሟን ሳብኩ። መጣ። እጄ ያንን ነገር ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላም አልረሳውም። ጤነኛውን ሳብኩት፤ አልመጣም። የታመመውን እንደገና ሳብኩት። ፈቲያ ከላዬ ቆማ እጄን ታያለች።

ደረጃ ስትወርጂ ይከዳሻል ወይ አልኳት። አንዳንዴ አለች። ጅማትሽ የተበጠሰ ይመስለኛል፣ ስፔሻሊስት አይቶሽ ኤም አር አይ ሳትነሺ መዝለል የለብሽም አልኳት። ኤክስሬዩ ደህና ነው ይላል እኮ አለችኝ። ኤክስሬይ አጥንት ነው የሚያየው፣ ጅማት አያይም ብዬ አስረዳኋት። ተቀምጣ ወደ ቀለበቱ አየች።

"አቦ፣ ሰውየው ከአዲስ አበባ የሚመጣው እኔን ሊያይ ነው" አለች። "ማክሰኞ ካላየኝ መቼ ያየኛል?"

ሰውየው ተጫዋች መልማይ ነው። ከየትኛው ክለብ እንደሆነ ፈቲያን ጠየቅኋት። ነገረችኝ። የእኛው ክለብ ነው።

ሰኞ፣ የዲኑ ቢሮ

የኮሌጁ ዲን ቀዝቃዛ አየር በሚነፋበት ቢሮ ተቀበለን። ሻሂ አስመጣልን። በዚያች ከተማ እርስዎ ብሎ የጠራኝ እሱ ብቻ ነው፤ ያቃለለኝም እሱ ብቻ ነው። ያገኘሁትን በግማሽ ገጽ ጽፌ፣ ፈርሜ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ሳያነበው ሐኪም ነዎት ወይ አለኝ። አይደለሁም፣ ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ወጌሻ ነኝ አልኩት። ከመሳቢያው የክሊኒክ ወረቀት አወጣ። አጥንት ደህና ነው፣ የሁለት ሳምንት ዕረፍት ይላል። ሁለት ሳምንቱ አልቋል አለ፤ ሕጋዊ ማስረጃ ይኸው፣ እርስዎ ደግሞ በእጄ ነካሁት ይላሉ፣ የቱን ልመን?

ሁለቱንም አትመን፣ ልጅቷን ስፔሻሊስት ጋ ላካት፣ ከዚያ ታጫውታታለህ አልኩት። ጨዋታው እኮ ነገ ነው አለ። እንግዶች ይመጣሉ፣ ሸራው ተሰቅሏል፣ የኮሌጁ ስም አለበት። ከዚያ ወደ ፈቲያ ዞረ። አንቺ ራስሽ ስለተጎዳሽ ነው የምትፈሪው፣ ያንቺን ፍርሃት ልጆቹ ላይ አትጫኚ አላት።

ልነሳ ስል ፈቲያ እጇን ክንዴ ላይ አደረገች። "ልክ ነህ፣ ፈርቻለሁ" አለችው። "አላሰልፋትም።"

የእኔን ወረቀት ከሻሂው ሳህን ሥር ተወው። ስንወጣ ዘወር ብዬ አየሁት፤ እዚያው ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ኢፍቱ እየጠበቀችን ነበር። አላለቀሰችም፣ ተቆጥታ ነበር። እናቴ ትጫወት ካለች ማንም አይከለክለኝም አለች። ፈቲያ እንግዲያው እናትሽ ጋ እንሂድ አለቻት።

ሐርላ

ሐርላ ወዳለው የኢፍቱ እናት ቤት፣ ወደ ደንገጎ በሚወስደው መንገድ ሚኒባስ ተሳፍረን፣ ከአስፋልቱ ወርደን ፀሐዩን በእግር ተያያዝነው። ኢፍቱ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ድንጋይ ስትረግጥ ጉልበቷን እንዳላይባት ትጠነቀቃለች። እናቷ አዴ ፋጡማ የማሽላ አገዳ ስትከምር አገኘናት። ከማሳዋ ጥግ አንድ የጥንት የድንጋይ ግንብ ፍራሽ አለ፤ ፍየሎቿ እዚያ ላይ ቆመው ያዩናል። ውሃ አመጣችልን፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችን፣ ሥራዋን ትታ ተቀመጠች።

አማርኛ ስለማትናገር ፈቲያ እያስተረጎመች ነው የተነጋገርነው። አዴ ፋጡማ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። ልጄ ብትጫወት ምን ትሆናለች? ባትጫወትስ ምን ታጣለች? ብትጫወት ያቺ እግር እስከ መጨረሻው ልትበላሽ ትችላለች አልኩ። ባትጫወት አዲስ አበባ የመሄድ ዕድል ያመልጣት ይሆናል አልኩ። አልዋሸኋትም፤ ዕድሉ እውነተኛ ነበር። ልጄ ትልቅ ሰው ናት፣ እኔ አልወስንላትም፣ እናንተ ግን የምታውቁትን ሁሉ ንገሯት አለች። ሁሉ የሚለውን ቃል ፈቲያ ሁለት ጊዜ ተረጎመችው።

ኢፍቱ ግንቡ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣ ነበር። እንድትሰማኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። የዚያን ቀን መልበሻ ክፍል የሆነውን ከመጀመሪያው አንስቼ ነገርኳት። ስለ ቡድን መሪው ጥያቄ፣ ስለ ፋሻው። ፈቲያ ለእናትየዋ ቃል በቃል ትተረጉማለች።

"የፈቲያ ጅማት እንደተበጠሰ በእጄ አውቄ ነበር" አልኩ። "ወለምታ ነው ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ።"

ፈቲያ መተርጎሟን ታቆማለች ብዬ ነበር። አላቆመችም። ኦሮምኛ አልችልም፤ ነገር ግን "ጂልባ ኮ" ስትል እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር። የፈቲያ ጅማት ብዬ የተናገርኩትን የእኔ ጉልበት ብላ ተረጎመችው። አዴ ፋጡማ ወደ እኔ አይታ ዓይኗን መለሰች። የዚያ አስተያየት ክብደት እስካሁን ትከሻዬ ላይ ነው።

"አውቅ ነበር" አለችኝ ፈቲያ በአማርኛ። "ያን ቀን የማየው ጉልበቴን ሳይሆን ፊትህን ነበር።"

ታዲያ ለምን ገባሽ አልኳት።

"ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ትልቅ ሰው ደህና ነሽ ሲለኝ ማመን ፈለግሁ።" ከዚያ ወደ ኢፍቱ ጀርባ እያየች ቀጠለች። "አንተን የጠራሁህ ለዚህ ነው። ያኔ ለእኔ ያላልከውን ለእሷ እንድትልላት።"

ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ አነሰብኝ። በኋላ ሚኒባሱ ውስጥ ጠየቅኋት፤ ራሷን ነቀነቀች፤ ይቅር ማለቷ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ የመጠየቅ መብትም የለኝም።

ማክሰኞ፣ ጨዋታው

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለፈቲያ ደብዳቤ ደረሳት። ለጊዜው ከቡድኑ ኃላፊነት ተነስተሻል፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሥራሽ ተመለሺ ይላል። ምክንያቱ የሥራ ዲሲፕሊን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጎህ ሲቀድ ሜዳ የተገኘችን ሴት ዲሲፕሊን የለሽም ብለው ጻፉላት። በቦታዋ የወንዶቹን እግር ኳስ የሚያሠለጥነውን መምህር ሾሙ። እኔ ዲኑ በር ልሄድ ተነስቼ ነበር። ፈቲያ ግን ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ልጆቹ ውሃ እንዳያንሳቸው እየው አለችኝ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ሞላ። እንግዶቹ ድንኳን ሥር፣ ለስላሳ መጠጥ ፊታቸው ተደርድሮ ተቀመጡ። መልማዩ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ከመካከላቸው ነበር፤ ወጣት ነው፣ አያውቀኝም። ፈቲያ ከአጥሩ ውጭ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ቆመች። ኢፍቱ የሜዳ ልብሷን ለብሳ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ፊቷን አዞረች።

ልጆቹ ያለ ኢፍቱም ያለ ፈቲያም ደህና ያዙ። በሦስተኛው ሩብ ግን በስምንት ነጥብ ተመሩ። መምህሩ ኢፍቱን ጠራት። ተነሳች፣ ጃኬቷን አወለቀች፣ ተመልካቹ ስሟን እየጠራ ጮኸ። የመግቢያው ጠረጴዛ ጋ ደርሳ ቆመች። ዳኛው ግቢ የሚል ምልክት ሰጣት። ወደ አጥሩ አየች። ፈቲያ ምንም አላለችም፤ እጇንም አላነሳችም። ኢፍቱ ዞራ መምህሩን አንድ ነገር አለችው፣ ተመልሳ ተቀመጠችና የጫማዋን ማሠሪያ መፍታት ጀመረች።

ዲኑ ከድንኳኑ ወጥቶ መጣ። ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አናገራት። የሚለውን አልሰማሁም፤ መልሷን ግን ጎኗ የተቀመጡት ልጆች ነግረውኛል። "ጉልበቴ የእኔ ነው" ነው ያለችው። ሲጠራት የነበረው ሕዝብ አሁን ሰደባት፤ ፈሪ አላት፣ ሌላም ሌላም። በአራት ነጥብ ተሸነፉ።

መልማዩ ስለ አንዲት ሌላ ልጅ ጠይቆ ስልኳን ተቀብሎ ሄደ። ዲኑ የመዝጊያ ንግግር አደረገ፤ እንግዶቹን አመሰገነ፣ ድንኳን ያቀረቡትን አመሰገነ፣ ሸራ ያሠሩትን አመሰገነ። ቡድኑን ከአራት ልጅ ያሳደገችው ሴት ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነበር፤ ስሟን አልጠራም። ኢፍቱ ባዶ እግሯን፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እያለቀሰች በአጠገቤ አለፈች። ቀጥታ ወደ ፈቲያ ሄደች። ፈቲያ ትከሻዋን ይዛ ወደ ቤት ሂጂና በረዶ አድርጊበት አለቻት።

መመለስ

ረቡዕ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ቀበና ስገባ መሽቷል። ባለቤቴ ድሬ እንዴት ናት አለችኝ። ከተማዋ ደግ ናት፣ ሰው ደግ ነው፣ እኔ ግን ተናድጄ ነው የመጣሁት አልኳት። ራት አልበላሁም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኢፍቱና አዴ ፋጡማ አዲስ አበባ መጡ፤ እኛው ቤት አረፉ። ሐኪም ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ስፔሻሊስቱ የኤም አር አዩን ምስል መብራት ላይ አድርጎ አሳየን፤ የፊተኛው ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። በጉልበቷ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ግን አልተነካም፤ በዚህ እግር ዘላ ቢሆን ኖሮ እሱም ይሄድ ነበር፣ አሁን ግን ይጠገናል፣ ከዓመት በኋላ ልትጫወት ትችላለች አለ። የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተሰጣት። ከሐርላ ወዲህ ኢፍቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ። አሁንም ተናድጄብሃለሁ አለች፤ በማን ላይ መናደድ እንዳለብኝ ግን አላውቅም። እኔ አውቃለሁ አልኳት።

ውጤቱን ለዲኑ ላኩና ደወልኩለት። ይህንን ጥሪ ለብዙ ቀን ተዘጋጅቼበት ነበር። እሱ ግን ቀደመኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለኝ። "እኛም ስጋት ስለነበረን ነው ያላሰለፍናት። የተማሪዎቻችን ጤና ይቀድማል፤ በሪፖርታችንም ላይ አስፍረነዋል።"

ስልኩን ዘግቼ ፈቲያ ጋ ደወልኩ፤ የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ለእሷ ተናገርኩት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ደብዳቤው እስካሁን አልተነሳላትም፤ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ታወጣለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ልጆቹ ይመጣሉ፣ እሷም ትመጣለች፤ ደብዳቤው ስለ ጠዋት የሚለው ነገር የለም አለችኝ። ከዚያ ያሻቸውን ይበሉ፣ ተዋቸው ብላ፣ ኢፍቱ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በስንተኛው ሳምንት ጉልበቷን ማጠፍ እንደምትጀምር ጠየቀችኝ። ሐኪሙ ያለኝን ሳምንት በሳምንት ነገርኳት። እርሳሷ ወረቀት ላይ ሲፋቅ ይሰማኝ ነበር።

እሷ ይበሉ ልትል ትችላለች፤ ሥራ አላት። እኔ ግን ሥራ የፈታሁ ሽማግሌ ነኝና አልተውም። ከዚህ መንገድ የተማርኩት ዝም ያለ ሰው ቦታ ሁሌ በሌላ ሰው እንደሚሞላ ነው። ያኔ እኔ ዝም ስላልኩ ወለምታ የሚል ውሸት መዝገብ ላይ ገባ። አሁን ደግሞ እሷ ዝም ስላለች ኮሌጁ ራሱን ጠባቂ አድርጎ ጻፈ። ስለዚህ እኔም የማውቀውን ጻፍኩ፤ ለሚመለከተው ሁሉ በስሜ ፈርሜ ልኬዋለሁ። የፈቲያን ጉልበት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የኢፍቱን ጉልበት ያተረፈችው ፈቲያ ናት።